የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ችግሮች በሊኑክስ

የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ማለት ስርዓተ ክወናው የኮምፒውተሩን የምስል ማቀነባበሪያ ክፍል የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ይህ ሶፍትዌር አንድ ፋይል ሳይሆን ተደራርበው የሚሠሩ የበርካታ ክፍሎች ድምር ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ሲጎድል ወይም ከሌላው ጋር ሳይጣጣም ሲቀር ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ የምስሉ መጠን ይዛባል፣ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፣ ወይም ኮምፒውተሩ የመግቢያ ገጹ ላይ ደርሶ ወደዚያው ይመላለሳል።

ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ጊዜ የሚወስዱት እርምጃ ስርዓተ ክወናውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ ማለት በዲስኩ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሂሳብ መዝገብ ወይም ፎቶግራፍ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ፋይሉን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ ሳይሆን በችኮላ የሚደረገው ዳግም ጭነት ነው። ችግሩ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አንድ ፓኬጅ መጫን ወይም ኮምፒውተሩን በቀድሞው ከርነል ማስነሳት ብቻ ይሆናል።

አወቃቀር

በሊኑክስ አንድ ምስል ከፕሮግራም ተነስቶ ስክሪን ላይ እስኪታይ የሚያልፍባቸው ክፍሎች ከታች ወደ ላይ ሲዘረዘሩ የሚከተሉት ናቸው።

• ሃርድዌር፦ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ካርድ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተካተተ የግራፊክስ ክፍል።
• ፈርምዌር፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ካርዱ የሚላክ ትንሽ ፕሮግራም። ብዙ ዘመናዊ ካርዶች ያለ ፈርምዌር ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይሠሩም።
• የከርነል ሞጁል፦ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሆኖ ካርዱን በቀጥታ የሚያዝ ክፍል። የስክሪኑን መጠን የሚወስነውና የካርዱን ማህደረ ትውስታ የሚያከፋፍለው ይህ ነው።
• የግራፊክስ ቤተ መጻሕፍት፦ ፕሮግራሞች ኦፕንጂኤል እና ቩልካን በተባሉት ደንቦች የሚያቀርቡትን ጥያቄ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ክፍል። በክፍት ምንጭ ዘርፍ ዋነኛው ሜሳ ይባላል።
• የማሳያ አገልጋይ፦ የልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን መስኮቶች አቀናጅቶ አንድ ምስል የሚያደርግ ክፍል፤ ኤክስ ወይም ዌይላንድ።

ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለምርመራ ይጠቅማል። ከታች ያለው ክፍል ካልሠራ ከላይ ያለውን ማስተካከል ውጤት የለውም። ፈርምዌር የጎደለውን ኮምፒውተር የዴስክቶፑን ገጽታ በመለወጥ ማዳን አይቻልም።

ታሪክ

የኤክስ የመስኮት ሥርዓት በአሜሪካው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ፤ አሁን የሚታወቀው አሥራ አንደኛው ዕትሙ በ1987 ወጣ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል በ1991 ይፋ ሲያደርግ ኤክስ ቀድሞ የነበረ በመሆኑ አዲሱ ስርዓት የተዘጋጀ የምስል መሠረት አገኘ። ብራያን ፖል ሜሳን በ1993 መጻፍ ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካርዱን የሚያዘው ከርነሉ ሳይሆን ኤክስ ራሱ ነበር። የስክሪኑን መጠን የመወሰን ሥራ ወደ ከርነሉ መዛወር የጀመረው በ2009 አካባቢ ሲሆን ቀዳሚዎቹ የኢንቴል ካርዶች ነበሩ። ክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ዌይላንድም ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች የኤክስን ቦታ ወስዷል። ስለዚህ ከእነዚህ ለውጦች በፊት የተጻፉ መመሪያዎች፣ በተለይም የኤክስን የውቅር ፋይል በእጅ መጻፍን የሚመክሩት፣ ለዘመናዊ ስርጭት አዘውትረው አይጠቅሙም፤ አንዳንዴም ጤነኛውን ሥርዓት ያበላሻሉ።

በአምራች ያለው ልዩነት

የኢንቴል ግራፊክስ በአብዛኛው በላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የተካተተ ነው። አይ-915 የተባለው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ስለሚመጣ ተጠቃሚው ለብቻው የሚጭነው ነገር የለም። ለቅርብ ጊዜዎቹ የኢንቴል ካርዶች ኤክስኢ የተባለ አዲስ ሞጁል ተዘጋጅቷል።

ኤኤምዲ የግራፊክስ ካርድ አምራቹን ኤቲአይን በ2006 ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነድ ለሕዝብ መልቀቅ ጀመረ። ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ሞጁል በ2015 ከከርነሉ ጋር ተቀላቀለ። ከእርሱ ለቀደሙት ካርዶች ሬዲዮን የተባለው አሮጌ ሞጁል አለ። ሁለቱም የፈርምዌር ፓኬጅ ይፈልጋሉ።

ኤንቪዲያ ለረጅም ጊዜ የራሱን ዝግ ድራይቨር ብቻ ያቀርብ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ኩባንያውን በዚህ ምክንያት ክፉኛ ነቅፏል። በጎ ፈቃደኞች ካርዶቹን ከውጭ በማጥናት የጻፉት ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር በ2010 ከከርነሉ ጋር ተቀላቀለ። ሆኖም ከ900 ተከታታይ ካርዶች ጀምሮ ኩባንያው የፈረመበት ፈርምዌር የግድ በመሆኑ ኑቮ የእነዚህን ካርዶች ፍጥነት ከፍ ማድረግ ለዓመታት ሳይችል ቀርቷል። ኤንቪዲያ በ2022 ለአዳዲሶቹ ካርዶቹ ክፍት የከርነል ሞጁል ለቀቀ፤ ከሞጁሉ በላይ ያሉት ክፍሎች ግን ዝግ እንደሆኑ ናቸው።

በዚህ ልዩነት ምክንያት በሊኑክስ ላይ ከሚያጋጥሙት የግራፊክስ ችግሮች ብዙዎቹ የኤንቪዲያን ዝግ ድራይቨር የሚመለከቱ ናቸው። ዝግ ድራይቨሩ ከከርነሉ ውጭ ስለሚኖር ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ከአዲሱ ጋር እንዲስማማ እንደገና መዘጋጀት አለበት።

ምልክቶችና የሚጠቁሙት

• ከመጀመሪያው ምንም ምስል የለም፣ የአምራቹም ምልክት አይታይም፦ ሊኑክስ ገና ስላልተነሳ ድራይቨሩ ተጠያቂ አይደለም። ገመድ፣ ሞኒተር፣ ራም ወይም ካርዱ ራሱ ይመርመር።
• የአምራቹ ምልክት ታይቶ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፦ የከርነሉ ሞጁል ወይም ፈርምዌሩ።
• የመግቢያ ገጹ ይታያል፣ የይለፍ ቃል ሲገባ ግን ተመልሶ ይመጣል፦ የማሳያ አገልጋዩ ወይም የግራፊክስ ቤተ መጻሕፍቱ። ዲስኩ ሲሞላም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚታይ ባዶ ቦታ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ።
• ምስሉ ትልልቅ ሆኖ ይታያል፣ የስክሪኑን መጠን መለወጥ አይቻልም፦ ኮምፒውተሩ በመጠባበቂያው ቀላል ድራይቨር እየሠራ ነው።
• ሁሉም ይሠራል፣ ግን ቪዲዮ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ይጨነቃል፣ ፋኑም ይጮኻል፦ የካርዱን ሥራ ፕሮሰሰሩ እየሠራው ነው።
• ከጥቂት ደቂቃ ከባድ ሥራ በኋላ ብቻ ይቆማል፦ ሙቀት፣ አቧራ ወይም የኃይል አቅርቦት።

የምርመራ ቅደም ተከተል

የትእዛዞቹ ስም ከዚህ በታች የቀረበው በአነባበቡ ነው፤ በተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። ለብቻው የተሰካ ካርድ ባለው ዴስክቶፕ የሞኒተሩ ገመድ በካርዱ ሳይሆን በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ከገባ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምስል አይኖርም ወይም ካርዱ ሥራ ፈት ይሆናል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ራሱ ቆሞ እንደሆነ ወይም ምስሉ ብቻ ጠፍቶ እንደሆነ ይለያል። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ። በዚህ ጊዜ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ-3 በአንድነት ሲጫኑ የጽሑፍ ብቻ የሆነው ኮንሶል ሊከፈት ይችላል። በዚያ ገብቶ ማንኛውንም ትእዛዝ መስጠት፣ ፋይልንም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል።

ኮንሶሉ ካልተከፈተ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚታየው የግራብ ዝርዝር ውስጥ ተጨማሪ አማራጮች የሚለውን መርጦ በቀድሞው ከርነል ማስነሳት ይሞከራል። በቀድሞው ከሠራና በአዲሱ ካልሠራ ጥፋቱ ከርነሉ ሲዘመን እንደመጣ ታወቀ ማለት ነው። ይህም ካልረዳ በማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል መጨመር ይቻላል። ቃሉ ከርነሉ የስክሪኑን መጠን በካርዱ ድራይቨር እንዳይወስን ይከለክለዋል፤ ምስሉ ሻካራ ቢሆንም ስክሪኑ ይከፈታል። ኖሞድሴት ለመግቢያ ብቻ የሚያገለግል በር እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ በቋሚነት ከተተወ ካርዱ በሙሉ አቅሙ አይሠራም።

ኮምፒውተሩ ከተከፈተ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች በተራ ይመለሳሉ።

አንደኛ፣ የትኛው ካርድ ነው፣ የትኛውስ ሞጁል ይዞታል? ለዚህ ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ ከሰረዝ ኬ ጋር ይሰጣል። በመልሱ ውስጥ ከካርዱ ስም ሥር በአገልግሎት ላይ ያለው የከርነል ድራይቨር ይጻፋል። ይህ መስመር ጭራሽ ከሌለ ካርዱን የያዘው ሞጁል የለም።

ሁለተኛ፣ ከርነሉ ምን ቅሬታ አለው? ዲሜሴጅ እና ጆርናልሲቲኤል የተባሉት ትእዛዞች የከርነሉን መልእክቶች ያሳያሉ። ጆርናልሲቲኤል ከዚህ በፊት የነበረውን፣ ማለትም ስክሪኑ የጠቆረበትን ማስነሻ መዝገብም ስለሚያሳይ በተለይ ይጠቅማል። ፈርምዌር መጫን አልተቻለም የሚል መልእክት የፈርምዌር ፓኬጅ መጉደሉን፣ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል ደግሞ የሴኪዩር ቡት ክልከላን ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ ምስሉን በእርግጥ የሚሠራው ማን ነው? ጂኤልኤክስኢንፎ የተባለው ትእዛዝ ምስሉን የሚሠራውን ክፍል ስም ይናገራል። መልሱ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ከሆነ ካርዱ ተዘልሎ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ተሸክሟል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ይታያል። ሦስት ለውጦች በአንድነት ተደርገው ኮምፒውተሩ ቢሠራ የትኛው እንደረዳ፣ ቢብስበትም የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም።

ተደጋጋሚ መንስኤዎች

የከርነል ዝማኔ። የኤንቪዲያ ዝግ ሞጁል ከአዲሱ ከርነል ጋር እንዲስማማ ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ እንደገና ያዘጋጀዋል። ለዚህም የከርነሉ ሄደር ፋይሎችና የሲ ቋንቋ ማጠናቀሪያ መኖር አለባቸው። የሄደሩ ቁጥር በሥራ ላይ ካለው ከርነል ቁጥር ጋር አንድ ካልሆነ ሞጁሉ አይዘጋጅም። መፍትሔው ትክክለኛውን ሄደር ጭኖ ዝግጅቱን መድገም ነው።

ሴኪዩር ቡት። ይህ የኮምፒውተሩ ጥበቃ ፊርማ የሌለውን ሞጁል ከርነሉ እንዳይቀበል ያደርጋል። ኡቡንቱ ድራይቨሩን ሲጭን የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ የይለፍ ቃል ሰጥቶ ቁልፉን ማስመዝገብ ይገባል። ብዙዎች ይህን ገጽ ሳያነቡ ስለሚያልፉት ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ ሥራ አይጀምርም።

ድጋፉ ያበቃ ካርድ። ኤንቪዲያ አሮጌ ካርዶቹን ከአዳዲስ ድራይቨሮች ያስወጣል። ለ8፣ ለ9 እና ለ200 ተከታታይ የመጨረሻው የ340 ቅርንጫፍ፣ ለ400 እና ለ500 ተከታታይ 390፣ ለ600 እና ለአብዛኛው 700 ተከታታይ 470፣ ለ900 እና ለ1000 ተከታታይ ደግሞ 580 ነው። የ340 ድጋፍ በ2019፣ የ390 በ2022፣ የ470 በ2024 አብቅቷል። እንዲህ ላለ አሮጌ ካርድ ኑቮን መጠቀም ወይም ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ አሮጌ ከርነል ይዞ መቆየት ይሻላል።

የድራይቨርና የቤተ መጻሕፍት አለመጣጣም። ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የተባለው ትእዛዝ የድራይቨሩና የቤተ መጻሕፍቱ ዕትም አይገጥምም ሲል ድራይቨሩ ዲስክ ላይ ተዘምኖ አሮጌው ሞጁል ገና በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ይበቃል።

ባለ ሁለት ግራፊክስ ላፕቶፕ። ኃይል ለመቆጠብ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ የዕለት ሥራውን፣ ኤንቪዲያ ደግሞ ከባዱን ሥራ የሚይዙባቸው ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ ጂኤልኤክስኢንፎ የኢንቴልን ስም ቢያወጣ ስህተት አይደለም። ከባዱን ፕሮግራም ብቻ ወደ ኤንቪዲያ መላክ ወይም በኡቡንቱ ፕራይም-ሴሌክት በተባለው መሣሪያ መምረጥ ይቻላል።

የሃርድዌር ድካም። በኤንቪዲያ መዝገብ ውስጥ ኤክስአይዲ 79 የሚል ቁጥር ሲገኝ ከርነሉ ካርዱን ፈልጎ አጥቶታል ማለት ነው። ኃይል ማነስ፣ ሙቀት ወይም በደንብ ያልገባ ካርድ ሊሆን ስለሚችል ድራይቨር ከመቀየር በፊት አቧራውን ማጽዳትና ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይቀድማል።

የግዕዝ ፊደልና የድራይቨር ችግር

የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ሲታይ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ድራይቨሩን ይጠረጥራሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ስለተካተተ ሳጥኖቹ የሚታዩት ፊደሉን የያዘ ፎንት ስለሌለ ነው። አቢሲኒካ ወይም የኖቶ ግዕዝ ፎንት ሲጫን ይስተካከላል። መለያው ቀላል ነው፤ የላቲኑ ጽሑፍ ደህና ሆኖ የግዕዙ ብቻ ከተበላሸ ፎንት ነው፣ ፊደል፣ ሥዕልና መስኮት አብረው ከተቆራረጡ ግን ድራይቨር ነው።

በጽሑፍ ኮንሶል ላይ ሁኔታው ይለያል። ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጾችን መያዝ ስለማይችል በአማርኛ የተዋቀረ ኮምፒውተር የስህተት መልእክቱን በማይነበብ መልክ ሊያወጣ ይችላል። በደቢያንና በኡቡንቱ የኮንሶል ማዋቀሪያ ውስጥ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የተባሉ የግዕዝ ቅርጾች አሉ። ለምርመራ ጊዜ ግን ቋንቋውን ለጊዜው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይመረጣል፤ መልእክቱን በኢንተርኔት መፈለግም ያኔ ይቀላል።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ የልጆች ላፕቶፖች ተሰራጭተዋል። በፌዶራ ሊኑክስ ላይ የተመሠረተው ስርዓታቸው የተዘጋጀው ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ ነበር፤ ሁሉም የኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰርና አንድ ዓይነት ስክሪን ነበራቸው። ስለዚህ መምህሩም ሆነ ተማሪው ድራይቨር መፈለግ አላስፈለገውም። በየሱቁ በሚገዛ ኮምፒውተር ላይ ግን ካርዱ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ይህ ምቾት የለም። በተለይ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ለመጫን ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት ስርጭቱን ከፍላሽ አስነስቶ ስክሪኑን፣ ቪዲዮውንና ከእንቅልፍ መመለሱን ቢሞክር ብዙ ድካም ይተርፈዋል።

ሌላው ጉዳይ ኢንተርኔት ነው። የግብርና ምርምር ማዕከል በሚገኝባት በሲሪንቃ፣ በመርሳ ወይም ከወልድያ ራቅ ባለ ሌላ ቦታ በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚሠራ ሰው በመቶዎች ሜጋባይት የሚመዝን ድራይቨር በሙከራ ደጋግሞ ማውረድ ውድ ነው። ስለዚህ ችግሩን አስቀድሞ መለየት ገንዘብም ይቆጥባል። የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተያይዞ ዳታውን ሲያጋራ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል፤ ከጽሑፍ ኮንሶልም ቢሆን ፓኬጅ ማውረድ ይቻላል። ፓኬጆቹን በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣትም ይሠራል፤ የስርጭቱ ዕትምና የከርነሉ ቁጥር ግን ተጽፎ መያዝ አለበት።

መብራት በዝማኔ መካከል ሲጠፋም ሞጁሉ በከፊል ተዘጋጅቶ ሊቀር ይችላል። በደቢያንና በኡቡንቱ ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያ የተቋረጠውን ጭነት እንዲቀጥል ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ የማስነሻው ፋይል እንደገና ይዘጋጃል። ባትሪው በቆመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ከርነልና ድራይቨር ማዘመን አይመከርም።

ድራይቨሩ ከጨዋታና ከቪዲዮ ባሻገርም ያስፈልጋል። ለአማርኛ ትርጉም፣ ለንግግር መለያና ለምስል ንባብ የሚሠሩ የማሽን ትምህርት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ኩዳ የተባለውን የኤንቪዲያ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ኩዳ በኑቮ ላይ ስለማይሠራ በዚህ ዘርፍ የሚያጠና ተማሪ የኩባንያውን ድራይቨር መጫን ይኖርበታል።

ቅድመ ጥንቃቄ

• ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ከወረደ ጥቅል ይልቅ ከስርጭቱ ማከማቻ ቢጫን በኋላ ለማዘመንም ሆነ ለማንሳት ይቀላል። ሁለቱን መንገዶች መቀላቀል የተለመደ የብልሽት ምንጭ ነው።
• አዲስ ከርነል መሥራቱ ሳይረጋገጥ የቀድሞው አይጥፋ።
• የፈተና ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከርነልና ድራይቨር አይዘመኑ።
• አንድ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሁልጊዜ ይያዝ። ዋናው ስርዓት ባይነሳ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነስቶ ፋይሎችን ማውጣት ይቻላል፤ ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል።

ደግሞ ይዩ

• ሊኑክስ
• ስርዓተ ክወና
• ከርነል
• ዩኒኮድ
• ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር